የ354 ዶላሩ ቢል፦ ለስድስት ሰው የሚሆን ርካሽ የስልክ ፕላን ፍለጋ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ ክሩን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 33 ደርሷል፤ መሃል ላይ የሚገባ ሰው ግራ እየተጋባ ነው። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ያለውን በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። በንዴት የጻፈ ሰው ሲበርድለት ያፍራል፤ እኔ ደግሜ ላሳፍረው አልፈልግም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ አካውንት ስድስት መስመር አለን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እናቴና የባለቤቴ ወንድም። ከትልቆቹ ኩባንያዎች ከአንዱ ጋር ነን፤ ስሙ ይቅር። ስንገባ በመስመር 35 ዶላር ብለውን ነበር። 35 በ6 ሲባዛ 210 ነው። ባለፈው ወር የመጣው ቢል ግን 354 ዶላር ይላል። ጥራቱ የማያናድድ፣ ዋጋው የማያስለቅስ የቤተሰብ ፕላን የምታውቁ ጠቁሙኝ አልኩ። መጨረሻ ላይ ሳላስበው አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ የባለቤቴ ወንድም ድርሻውን ካልከፈለ ስምንት ወሩ ነው። እሷን ባልጨምር ኖሮ ነገሩ በአሥር መልስ ያልቅ ነበር።

ቁጥር 1 ከዳላስ የጻፈች እህት ናት። ከነሰላምታዋ፣ ከነልጆቹ ደኅንነት ጠይቃ ነው የጀመረችው። ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ቤቴ ውስጥ የማን ኔትወርክ እንደሚሠራ እንዳጣራ መከረችኝ። አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ ኔትወርክ ያላቸው ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲሞባይል። በርካሽ የሚሸጡት ስሞች አብዛኞቹ የእነዚህን የኔትወርክ ምሰሶ የሚከራዩ ወይም የእነሱው ልጆች ናቸው። ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ ነው፤ ቪዚብል የቬራይዘን፤ ሜትሮ የቲሞባይል። ዩኤስ ሞባይል የሚባለው ደግሞ በሦስቱም ላይ ይሸጣል። እሷ ራሷ ኩሽና ውስጥ ኔትወርክ የማይገባበት ፕላን ገዝታ ስልክ በመጣ ቁጥር ወደ በረንዳ ስትሮጥ አንድ ክረምት ከርማለች። አንዳንዶቹ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም፣ በነፃ ያስሞክራሉ፣ ቁጥርህን ሳትለቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትሽ ብላ ደመደመች። ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ምክር መጀመሪያ ላይ መምጣቱ ያሳዝናል፤ ከዚያ በኋላ የገባ ማንም አላነበበውም።

ቁጥር 2 አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ሚንት ሞባይል። በመስመር 15 ዶላር፣ አራት ሰው በ60 ዶላር፣ አለቀ። ለምን እንደምንጨነቅ አልገባውም።

ቁጥር 3 ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈውም። ማስታወቂያው ላይ ያለው 15 ዶላር በየወሩ የሚከፈል እንዳልሆነ ጻፈ። መግቢያው ላይ የሦስት ወሩን አንድ ላይ ትከፍላለህ፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ዋጋ መቀጠል የሚፈልግ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ማውጣት አለበት። ለአራት ሰው 15 በ12 በ4 ሲሆን 720 ዶላር ነው፣ ታክሱ ሳይጨመር። ይህን ገንዘብ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ እዚህ ገብቶ አይጠይቅም ነበር ባይ ነው። ደግሞ ሚንትን እንደ ትንሽ ተቃዋሚ ኩባንያ አታቅርቡት፣ ቲሞባይል ግዢውን በግንቦት 2024 በፈረንጆቹ ጨርሶ ጠቅልሎታል ሲል አከለ። ቁጥር 2 ተመልሶ መጣና በራሱ ገንዘብ ደስተኛ እንደሆነ፣ ማንንም እንዳላስገደደ ጽፎ ወጣ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ኪስ ነው።

ቁጥር 4 ራይድ የሚሠራ ሹፌር ነው። ርካሽ ፕላን በጣም ጥሩ ነው ይላል፣ ሰው እስኪበዛ ድረስ። አንድ ምሽት የዋሽንግተኑ ቤዝቦል ሜዳ ናሽናልስ ፓርክ ጨዋታ ሲያልቅ በር ላይ ቆሞ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው እየወጣ ነው። ስልኩ ኔትወርክ ሙሉ ነው ይላል፤ አፑ ግን ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይከፍትም። አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ሁለት ሰው ጭኖ ሲሄድ እሱ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ቆሟል። በዚያ ወር 20 ዶላር እንዳተረፈና በአንድ ምሽት ብቻ ከዚያ በላይ እንደከሰረ ነው የነገረን። ስልኩ መብያው የሆነ ሰው ርካሽ ፕላን ሲገዛ ሁለቴ ያስብ አለ።

ምክንያቱን ያስረዳው ቁጥር 5 ነው፤ በሙያው ኔትወርክ ላይ ይሠራል መሰለኝ። ምሰሶው ሲጨናነቅ ኩባንያው መጀመሪያ የሚያስተናግደው የራሱን ውድ ከፋይ ነው። በኪራይ የገባው ከኋላ ይሰለፋል። ኔትወርክ ሙሉ መስሎ መታየቱ ምሰሶው ቅርብ መሆኑን እንጂ ተራህ መድረሱን አይናገርም። መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልገውም ብሎ አሳቀን። ሰልፉ ውስጥ አለህ፣ ታክሲውም ይታይሃል፤ ተራ አስከባሪው ግን ከፊት ሌላ ሰው ያስገባል። ሰው በማይበዛበት ቦታ የሚኖር ደግሞ ልዩነቱን አያየውም። ስለዚህ ለእናቴ ርካሹን፣ ለሹፌሩ ውዱን ነው የሚመክረው። ስድስቱም ሰው አንድ ዓይነት ፕላን ላይ መሆን እንደሌለበት ያኔ ነው የገባኝ። ከዚህ በፊት አስቤውም አላውቅ። ቤተሰብ ሲባል ሁሉም በአንድ ትሪ የሚበላ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣና ክሩን ይዞት ጠፋ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነው ያወራናቸው። አሁን በስልክ ቢል የሚያለቅሰውን ትውልድ ታዝበው ስለ ካርዱ ዘመን አነሱ። ከሐበሻ ሱቅ የ5 ዶላር ካርድ ይገዛል። በሳንቲም ይፋቃል። ቁጥሩ ይደወላል፣ ፒኑ ይገባል፣ ሴትዮዋ ያለህን ደቂቃ ትነግርሃለች። የነገረችህን ግን ተጠቅመህበት አታውቅም። ገና ሃሎ ስትል የማገናኛ ብሎ ይቆርጣል፤ እናትህ ስልኩ ወዳለበት ጎረቤት ቤት እስክትመጣ ደግሞ ግማሹ ያልቃል። ቁጥር 7፣ 8 እና 9 በዚሁ ተንሳፈፉ። አንዷ፣ ለቅሶ ልትደርስ ደውላ ካርዱ ነፍስ ይማር ከማለቷ በፊት እንዳለቀባት ጻፈች። ሌላው ስለ ሰዓቱ አነሳ። በአሜሪካ የብርድ ወራት ዋሽንግተንና አዲስ አበባ በስምንት ሰዓት፣ የሰዓት አቆጣጠር ሲቀየር በሰባት ይራራቃሉ። በዚያ ላይ የእኛው ሀ ብሎ ከጠዋት የሚጀምረው ሰዓት ይጨመርበታል። አባቱን ሁልጊዜ ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ ሁልጊዜ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እኔ ስለ ቢሌ መልስ እየጠበቅኩ ነው፤ እያነበብኩ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ቁጥር 10 ቀልደኞቹን በትሕትና ሰብስቦ ወደ አገር ቤት መደወሉ ላይ አመጣን። ብዙ ፕላን ዓለም አቀፍ ጥሪን ያካትታል ይባላል፤ ዝርዝሩ ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜክሲኮና ካናዳ ነው። ኢትዮጵያ በደቂቃ የምትከፈልበት ዓምድ ላይ ናት፣ ያውም ከውዶቹ ጋር። በዚህ ስም የሚጨመር ክፍያ ካለኝ መጀመሪያ እሱን እንዳስወጣ መከረኝ። የእሱ ቤተሰብ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራምና በኢሞ ነው የሚገናኘው። ለእናቱ ከዚህ ሆኖ የዳታ ጥቅል ይልክላታል። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 በፈረንጆቹ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ እናቱ ሁለት ሲም አላት፣ በ09 የሚጀምረውና በ07 የሚጀምረው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል።

ቁጥር 11 ግን የሁሉም እናት እንደዚያ አይደለችም አለ። የእሱ እናት ገጠር ናት። ስልኳ ኢንተርኔት የማታውቅ፣ ባትሪዋ ሳምንት የሚቆይ፣ ጫፏ ላይ መብራት ያላት ትንሽ ስልክ ናት። ሚስኮል ታደርጋለች፣ እሱ መልሶ ይደውላል። በዚህ ብቻ በወር 40 ዶላር ይወጣበታል። ቁጥር 12 ስማርት ስልክ ግዛላት ብሎ በአጭሩ ቆረጠው። 11 ተመልሶ ሲጽፍ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ሁለት ጊዜ ገዝቶ ልኳል። የመጀመሪያው ለወንድሙ ልጅ ሆነ። ሁለተኛውን ይዛው ነበር፤ ግን ዓይኗ ደክሟል፣ ቀዩን ከአረንጓዴው አትለይም፣ ሲደወልላት ታጠፋዋለች። ልጄ ዘጋብኝ ብላ ትቀመጣለች። አሮጌዋን ስልክ ግን በጣቷ ዳብሳ ታውቃታለች። ከዚያ በኋላ ቁጥር 12 ይቅርታ ጠየቀ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይቅርታ ነበር። እንደ ሬብቴል ባሉ አፖች ከዚህ በዳታ ተነስቶ እዚያ መደበኛ ስልክ ላይ መደወል እንደሚቻል፣ ከኩባንያው የደቂቃ ዋጋ ጋር እንዲያወዳድረው ጠቆመው። 11 አመሰገነ።

እዚህ ላይ ነው ቢሌን እንድበትነው የተጠየቅኩት፤ ያን ቀን ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ቢሉን ከፍዬ እንጂ አንብቤ አላውቅም። የመጀመሪያው ገጽ ድምሩን በትልቁ ይጽፋል፣ ሰው እዚያ ላይ ተናዶ ይዘጋዋል። ነገሩ ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ስድስቱ መስመር 210። የሦስት ስልኮች ወርሃዊ ክፍያ 27፣ 27 እና 22፣ አንድ ላይ 76። ኢንሹራንስ ሁለት ጊዜ 17፣ ማለትም 34። ታክስና ልዩ ልዩ 24። ከዚያ ብቻዋን የቆመች 10 ዶላር አለች፤ የልጄ የእጅ ሰዓት መስመር ናት። ለልደቷ የገዛንላት ሰዓት። ቻርጀሯ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። መሳቢያ ከፍቼ ሳያት ከመርፌና ክር ጋር ተኝታለች፣ መስታወቷ ላይ አቧራ አለ። በየወሩ 10 ዶላር ግን እየበላች ነው። ከሁለቱ ኢንሹራንስ አንዱ ደግሞ እናቴ ምስር ወጥ ድስት ውስጥ በጣለችው ስልክ ላይ ነው። ያ ስልክ ከተጣለ ቆይቷል። ሞቶ ለተቀበረ ስልክ ተዝካር እያወጣሁ ነበር።

ይህን ስለጥፍ ቁጥር 13 ታክስና ልዩ ልዩ የሚለውን እንዳላምን አስጠነቀቀችኝ። እዚያ ውስጥ መንግሥት የሚወስደው አለ፤ የአስተዳደር ክፍያ ተብሎ የሚጻፈው ግን ኩባንያው ራሱ የፈለሰፈው ነው፣ ታክስ አይደለም። ከታክሱ ጎን ስለሚቀመጥ ታክስ ይመስላል። ይህን በአንድ አንቀጽ ተናግራ ወደ ሌላ ሄደች፦ ነርስ ናት፣ ታካሚዎቿ መንግሥት በወር 30 ዶላር ስለሚከፍልላቸው እናቴን እንዳስመዘግብ መከረች።

ቁጥር 14 እዚያው አረማት። 30 ዶላሩ አፎርደብል ኮኔክቲቪቲ የተባለው ፕሮግራም ነበር፤ በሰኔ 2024 በፈረንጆቹ ገንዘቡ አልቆ ተዘግቷል። 23 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ ነበረበት። አሁን ያለው ላይፍላይን የሚባለው የመንግሥት የስልክ ድጎማ ነው። ይህ ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚከፍለው ግን በወር እስከ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው። ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጋፍ) ወይም ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የሕክምና ሽፋን) ያለው፣ አለዚያም ገቢው ከድህነት መስመሩ 135 በመቶ ያላለፈ ሰው ያገኛል። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው።

ትክክለኛ እርማት ነበር፣ በጨዋነት የተጻፈ። ችግሩ ቁጥር 15 ነው። ይህ ሰው እንዲህ ያለውን እርዳታ የሚወስድ ሐበሻ ሁሉ ገቢውን እየደበቀ ነው ብሎ ደመደመ። ቁጥር 16 ጦር ይዛ ነው የገባች። እናቷ ለ19 ዓመት ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ወገቧ የተቆረጠ ሴት ናት፤ ታክስ ከፍላለች፤ 9 ዶላር ሲሰጣት ማንንም አልሰረቀችም። 15 ስለ እሷ እናት እንዳልተናገረ መለሰ። 17 ስለማን እንደሆነ ስም እንዲጠራ ጠየቀው። 18 ሁለቱንም ሰደበ። አወያዩ ሦስት መልስ አጥፍቶ ቁጥሩን እንዳለ ተወው፤ ለዚህ ነው ከ18 በኋላ 22 የሚመጣው። ምን እንደነበረባቸው አይቻለሁ፤ አልደግመውም።

ቁጥር 22 ስለ ባለቤቴ ወንድም ያነሳ የመጀመሪያው ነው። ምክሩ አጭር ነው፦ አውጣው። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሥራ አለው፣ የራሱን ስልክ ይክፈል። ቁጥር 23 ደግፎት የራሱን ታሪክ ጨመረ፤ የአክስቱን ልጅ መስመር ሦስት ዓመት ከፍሎ በመጨረሻ ለሠርጉ እንኳን ያልተጠራ ነው። ቁጥር 24 ግን ሌላ መንገድ አሳየ። እሱ ተማሪ ነው። አንድ ቤት የሚኖሩ አምስት ልጆች፣ ማንም ከማንም ጋር ሥጋ ዝምድና የሌለው፣ በአንድ የቤተሰብ ፕላን ላይ ናቸው። ኩባንያው የልደት ወረቀት አይጠይቅም። እንደ እቁብ ነው የሚያስኬዱት፦ አንዱ ዳኛ ነው፣ ወር በገባ በ3 ሁሉም ድርሻውን በዜል፣ በባንክ መላኪያው አፕ፣ ይልካል። በ5 ያልላከ ሰው ቅዳሜ ቁርስ ይሠራል። እስካሁን ቁርስ የሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምግቡ ስለማይበላ ከዚያ ወዲህ አስቀድመው ያስታውሱታል።

ቁጥር 25 ሳቁን አቋረጠው። እቁብ ላይ ዳኛ ቢጠፋ እቁብተኛው ይሰበሰባል፤ እዚህ ግን አካውንቱ በማን ስም ነው? ሌሎቹ ባይከፍሉ የሚበላሸው የዚያ ልጅ ክሬዲት፣ የብድር ታሪኩ፣ ነው። ቁጥሮቹም በእሱ እጅ ናቸው። ተጣልቶ የወጣ ሰው ቁጥሩን ይዞ ለመውጣት የባለ አካውንቱን ፈቃድና የማስተላለፊያ ፒን ይፈልጋል።

ይህን ተከትሎ የመጣው ቁጥር 26 ነው። የጻፈችው ሴት ከዚያ በፊት ምንም ጽፋ አታውቅም። የቀድሞ ባሏ ነበር ባለ አካውንቱ። ከቤት ስትወጣ ስልኳን ይዛ ወጣች፤ መስመሩ ግን የእሱ ነው። ማንን እንደደወለች ቢሉ ላይ ያያል። ቁጥሯን ልትወስድ ስትጠይቅ ፒኑን አልሰጣትም። ልጆቿ ትምህርት ቤት፣ ሐኪሟ፣ መሥሪያ ቤቷ የሚያውቁት ያንን ቁጥር ነው። ሰባት ወር ከዚያ መስመር ጋር ታስራ ኖራለች። ከዚያ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ ሕጉ ነገረቻት። ሴፍ ኮኔክሽንስ አክት ይባላል፣ በ2022 የወጣ። በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሰው መስመሯን ከጋራው አካውንት እንድትለይ መጠየቅ ትችላለች፣ የባለ አካውንቱ ፈቃድ ሳያስፈልግ፣ ያለ ቅጣት። ማስረጃው የፖሊስ ሪፖርት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም የሐኪም ወረቀትም ይሆናል። ኩባንያው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ መለየት አለበት። በሁለት ቀን ለዩላት። ይህን የምጽፈው ለዚህ ሰውዬ ሳይሆን ለምታነብ እህት ነው ብላ ጨረሰች። ሰውዬው እኔ ነኝ። ለአንድ ቀን ማንም ምንም አልጻፈም።

ቀጥሎ የመጣው ቁጥር 27፣ ለሌላ ጥያቄ እንደሚመልስ ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የገባው። ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። የእኔን ቢል አይቶ ለምን ወደ ርካሽ ፕላን መሄድ እንደማልችል በሁለት ቁጥር አሳየኝ። በነፃ የሚባል ስልክ ነፃ አይደለም። ዋጋው በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ ይጻፍና ኩባንያው በየወሩ ይቀንስልሃል፤ ከመሃል ከወጣህ ቅናሹ ይቆማል፣ የቀረው በአንድ ጊዜ ይመጣብሃል። የእኔዎቹን ቆጠረልኝ። ባለ 27ቱ ሁለቱ 22 ወር፣ ባለ 22ቱ 14 ወር ይቀራቸዋል። ደምሩት፦ 1,496 ዶላር። የእግር ብረት ነው። ተከፍሎ እስኪያልቅ ስልኩም የሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይቀበል የተቆለፈ ነው። ከዚያ ደግሞ ማንም ያላየውን አየ፦ በምን እንደምከፍል ጠየቀኝ። በክሬዲት ካርድ አልኩት፣ ነጥብ ስለማገኝ። ከባንክ ሂሳብ በአውቶፔይ፣ በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ፣ ብታደርገው በእያንዳንዱ መስመር 5 ዶላር ይቀንስልህ ነበር አለኝ። ለነጥብ ብዬ በወር 30 ዶላር ስጥል ኖሬያለሁ። ነጥቡን ቆጠርኩት፤ በወር ሦስት ዶላር ከምናምን ነው።

28 እና 29 ስለ አይፎን ተነሱ። ከ14 ጀምሮ አሜሪካ የተሸጠው የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም ብቻ ነው። አንዱ ለጥምቀት አገር ቤት ሲሄድ ቦሌ ላይ ሲም ገዝቶ የሚያስገባበት ቀዳዳ ሲፈልግ ስልኩን አገላብጦ አገላብጦ ሻጯ ሳቀችበት። በዚያ ላይ ክፍያው ስላላለቀ የተቆለፈ ነበር። የወንድሙን አሮጌ ስልክ ይዞ ነው በዓሉን ያከበረ።

ቁጥር 30 ከነታንያ ነው የጻፈልን። እስራኤል ውስጥ ስልክ እንደዚህ ያቃጥል የነበረው እስከ 2012 በፈረንጆቹ ነው። በዚያ ዓመት የመገናኛ ሚኒስትሩ ሞሼ ካህሎን ገበያውን ሲከፍት እንደ ጎላን ቴሌኮም ያሉ አዲሶች ገቡ፤ ዋጋው ወዲያው ወረደ። የእኛን ቢል ለሚስቱ ሲያነብላት አላመነችውም። ቁጥር 31 እንግዲያው የቤት ኪራዩን ንገረን አለው። ከነታንያ መልስ አልመጣም።

32 እኔ ራሴ ነኝ። የወሰንኩትን ጻፍኩ። የሰዓቷን መስመር እዘጋለሁ፣ 10። ሁለቱንም ኢንሹራንስ አወጣለሁ፣ 34። እናቴ ቀኑን ሙሉ ዋይፋይ ላይ ስለሆነች ወደ 15 ዶላር ቅድመ ክፍያ ትሄዳለች፤ 35ቱ ከዚህ ይወጣል። ታክሱም ሦስት ዶላር ያህል ይቀንሳል። አውቶፔይ በአምስት መስመር 25። ከእናቴ አዲስ መስመር ጋር አንድ ላይ 262 ዶላር ይመጣል፤ 92 ዶላር ተረፈ፣ ኩባንያ ሳልቀይር። የባለቤቴን ወንድም በተመለከተ የቁጥር 22ን ምክር እንደምቀበል ጻፍኩ። ስምንት ወር በቂ ነው አልኩ። ከዚያ ተኛሁ።

ቁጥር 33 በማግስቱ ጠዋት ነው የተጻፈው። ከባለቤቴ ስልክ። እዚህ አባል መሆኗን እንኳን አላውቅም ነበር። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው። እርማት አለኝ ብላ ነው የጀመረችው፣ ልክ እንደ ቁጥር 3። በ2014 በፈረንጆቹ በዲቪ ስንመጣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወንድሟ ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ አራት ወር ተቀመጥን። ኪራይ አልከፈልንም። የመብራት አልከፈልንም። የመጀመሪያ ስልኬን ሲም የገዛልኝ እሱ ነው፤ ቢሉም በእሱ ስም ዓመት ሙሉ መጥቷል። ይህን ሁሉ ለሰዎቹ ሳትነግር 35 ዶላሩን ብቻ ለምን ነገርክ ብላ ሳይሆን፣ መረጃው እንዲሟላ ያህል ነው የጻፈችው። ከዚያ ወንድሟ ከመጋቢት ጀምሮ ሥራው በግማሽ ቀን እንደሆነበት ጨመረች። ያንን እኔ አላውቅም ነበር።

ለ33 መልስ አልጻፍኩም። የመስመሮቹን ዝርዝር ከፈትኩና የእሱን እንዳለ ተውኩት። ከዚያ የሰዓቷን መስመር ለማዘጋት ደወልኩ። 47 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ያነሳችው ልጅ ከማቋረጤ በፊት በግማሽ ዋጋ አዲስ ሰዓት ልትሰጠኝ ፈለገች።